አራቱ የመኪናዬ እጀታዎች

ማኖቤላ በብብቴ ሸጉጬ ቢሮ የምገባ ሰው ነበርኩ። ማኖቤላ ማለት የድሮ መኪና ሞተር ለማስነሳት ከፊት ተሰክቶ የሚዞር፣ ክንድ የሚያህል ቆልማማ ብረት ነው። መኪናዬን ቤት ትቼ ስወጣ ብረቱን በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤ እሄዳለሁ። ያለሱ ሞተሯ አይነሳማ! ባቡር ጣቢያው በር ላይ የሚቀመጡት ተሸካሚዎች ሲያዩኝ «ማኖቤላው መጣ!» ይሉኛል። ይበሉ። መኪና የሌለው ሰው ምን ጭንቀት አለበት?

ታዲያ መኪና ካለህ ለምን በእግርህ ትሄዳለህ የሚል አይጠፋም። ሚስቴም ይህንኑ ትጠይቀኝ ነበር። ቢሮው ደጃፍ ባቆማት ማን ይጠብቅልኛል? ሥራዬ ጉምሩክ ውስጥ ነው፤ ትራንዚተር ነበርኩ፣ የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ አስፈታለሁ። ጠዋት የገባሁ እስከ ቀትር ፀሐይ አላይም። ስለዚህ መኪናዋ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ግቢዬ ውስጥ፣ ዛፉ ጥላ ሥር ትቆማለች፤ እሑድ እሑድ ብቻ ትወጣለች። ያን ዕለት ሰው ሁሉ ያያታል።

አቤት ውበቷ! ከጣሊያን ወረራ በፊት የተሠራች ናት። ጥቁር አረንጓዴ፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ ወንበሯ ቀይ ቆዳ፣ በሮቿ አራት፤ የበሮቹ እጀታ ደግሞ እንደ ብር ማንኪያ የሚያበራ። የአንድ ግሪክ ነጋዴ ነበረች። ሰውየው ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ የዕቃውን ወረቀት ሁሉ እኔ ጨረስኩለት፤ በምትኩ እሷን ተወልኝ። ከተማው በጋሪ በሚሄድበት ዘመን እኔ፣ የደጋ ቄስ ልጅ፣ ባለ መኪና ሆንኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላውቅም።

የዚያ ዓይነት መኪና ዕቃ ከጅቡቲም አይመጣም ነበር፤ ፋብሪካውም መሥራት ትቷል። መለዋወጫ ያጣ ሰው ዓይኑን የሚጥለው የሰው መኪና ላይ ነው። ያንድ ሐኪም መኪና ሁለቱንም የፊት መብራት በጠራራ ፀሐይ ፈትተው ወስደውበታል። ድሬ ላይ ሌባ የሚፈራው በሌሊት አይደለም። ሌሊትማ ሰው ሙቀቱን ሸሽቶ አልጋውን ደጅ ያወጣል፤ ግቢው ሁሉ ዓይን ነው። ሌባ የሚፈራው ቀትር ላይ ነው፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል፣ ሰው ሽርጡን አገልድሞ መስኮቱን ደፍቶ ይጋደማል፣ መንገዱ ላይ ፍየል እንኳ አይታይም።

ስለዚህ የኋላ ጎማዋን ከዛፉ ጋር በሰንሰለት አሰርኩ። በሮቿን ቆለፍኩ። ማኖቤላውን ቀን ይዤው እዞራለሁ፤ ቤት ስገባ አልጋዬ ሥር ይገባል። አልጋ ሥር መኖሩን የሚያውቁት ሚስቴና ታናሽ ወንድሜ ብቻ ናቸው። ወንድሜ ከኛ ጋር ይኖራል፣ ባቡሩ ጋራዥ ይሠራል። ሥጋዬ ነው፤ እሱን አልጠረጠርኩም።

ዘበኛም ቀጠርኩ። ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የመልካ ጀብዱ ሰው፣ ስድሳን ያለፈ ሶማሊ። ሚስቴ «አደር» ትለዋለች፤ በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት ነው። እሷ ድሬ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ሶማሊኛውንም ኦሮምኛውንም እንደ አማርኛዋ ነው የምትናገረው። እኔ ደገኛው «አንተ ዘበኛ!» ነበር የምለው። አሥር ዓመት በልጦኝ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ አባቴ ይሆናል እኮ። ሽማግሌው በሩ አጠገብ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ቃጫ ጭኑ ላይ እያሸ ገመድ ይገምዳል። ሴት ልጁ እየመጣች ወስዳ ቀፊራ ገበያ ትሸጥለታለች። እጁ ፈጣን ነው። የሱ ገመድ ግመል ጎትቶ አይበጥሰውም ይባል ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና።

ጠዋት ጠዋት ቢሮ ከመሄዴ በፊት እጀታዎቹን በአመድና በሎሚ እወለውላለሁ። ፊቴን እስካይባቸው ድረስ። ቀትር ላይ ስመለስም ንጹህ ናቸው። እተኛለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተነስቼ ስወጣ ግን አራቱም ላይ የጣት አሻራ አለ። አራቱም ላይ! አንድ ቀን አይደለም፣ ሁለት ቀን አይደለም፣ በየቀኑ። አንድ ሰው ተኝቼ እያለ የመኪናዬን በር እየጎተተ ይሞክራል።

ደሜ ፈላ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ። እኔን ንቆኝ ነው!

ዘበኛውን ጠራሁት።

«እኔ ስተኛ ማን ነው እዚህ ግቢ የሚገባው?»

«ማንም የለም።»

«መኪናዋ ጋ የሚቀርብ ሰው አላየህም?»

«ማንም አልቀረበም፣ ወላሂ።»

ዓይኔን አየት አድርጎ ነው የመለሰልኝ። አሻራውን ግን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ይዋሻል ማለት ነው። ሌባው ወይ እሱ ነው፣ ወይ የሱ ሰው ነው። አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር፤ «አንተስ ትነካታለህ?» የሚል። አልጠየቅኩትም። የጠየቅኩት እንደሆነ ይነቃል ብዬ።

በማግስቱ ምላጭ ገዛሁ። የተላጨሁባቸውን የዛጉትንም ጨመርኩ። ወንድሜ ሥራ ሚስቴ ገበያ እያሉ፣ ዘበኛው ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሲሄድ ጠብቄ፣ በየእጀታው ጀርባ፣ ጣት ገብቶ በሚጎትትበት በኩል፣ ሁለት ሁለት ምላጭ በቀጭን ሽቦ አሰርኩ። ከፊት ለሚያይ ምንም የለም፤ እጀታው ያበራል። ለማንም አልተናገርኩም። ለሚስቴም ቢሆን።

ያን ቀን አልተኛሁም። መስኮቱን ደፍቼ አልጋዬ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ ጆሮዬን አቆምኩ። ከመስጊዱ የዙሁር፣ የቀትሩ ሶላት አዛን ተሰማ። ጥቂት ቆየ። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አጭር።

ማኖቤላውን ይዤ ወጣሁ። ሽማግሌው ከኋላኛው በር አጠገብ ተንበርክኮ ቀኝ እጁን በግራው ጨምቆ ይዞታል። ደሙ በአረንጓዴው ቀለም ላይ ይወርዳል። መጀመሪያ ያየሁት ቀለሙን ነው፤ አልዋሽም።

«ሌባ! ሌባ ያዝኩ! ኑ እዩ!» እያልኩ ጮህኩ።

የቀትሩ ሰፈር ተነሳ። ባለ ሽርጡ፣ ባለ ቁምጣው፣ ጫቱን በእጁ እንደያዘ የመጣው፣ ሁሉም በሬን ሞላው። ማኖቤላውን ሽማግሌው ራስ ላይ አንስቼ ቆሜያለሁ። አልመታሁትም። እንዳልመታሁት ለብዙ ዓመት እንደ ደግነት ስቆጥረው ኖሬያለሁ፤ ይገርማል።

እሱ በሶማሊኛ ቶሎ ቶሎ አንድ ነገር ይላል። ሚስቴ ገበያ ዘንቢሏን እንደያዘች በሰው መሃል ጥሳ ገባች፤ አዳመጠችው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን እንደሚል ታውቃለህ? ከሶላት በኋላ ነው እየዞርኩ የማየው ይላል። መቆለፉን። አምስቱንም ጊዜ። ከሰገድኩ በኋላ አላህ የሰጠኝን አደራ አያለሁ ይላል።»

«ሌባ መቼ ምክንያት አጥቶ ያውቃል!»

«አቦ፣ እኔ ራሴ በዓይኔ አይቼዋለሁ! ከመጣ ቀን ጀምሮ! ሶላቱን ሲጨርስ አራቱን በር ይሞክራል፣ ይቀመጣል። አንተ ተኝተህ ነው። አንድ ቀን ጠይቀኸኛል?»

ሰው ፊት ተናገረችኝ። ያኔ ገባኝ። እውነቷን መሆኑ እዚያው ገባኝ፤ ጠዋት እጀታው ንጹህ የሚሆነው የንጋቱን አሻራ እኔው ራሴ ስለምወለውለው ነው። ማንም አልቀረበም ሲለኝም አልዋሸም፤ ራሱን እንደ ሰው አልቆጠረማ፣ ጠባቂ ነኝ ብሎ። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ግን ሌባ ብዬ ሰፈር ጠርቻለሁ። ሰፈሩ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ቃሌን እዚያ ማጠፍ ሞት መሰለኝ።

«እኔ ያየሁትን አይቻለሁ» አልኩ።

ሚስቴ ነጠላዋን ቀድዳ እጁን አሰረችው። «በል ማኖቤላህን ስካ፤ ሐኪም ቤት እናድርሰው» አለችኝ።

ወንበሩን አሰብኩ። ቀዩን ቆዳ። ደም ከቆዳ አይለቅም።

«በጋሪ ይሂድ» አልኳት።

ከዚያ ራሷ ወጥታ ጋሪ ጠርታ አሳፈረችው፣ አብራው ሄደች። ከዚያች ቀን ወዲህ ያቺ መኪና ውስጥ ተቀምጣ አታውቅም። እሑድ እሑድ ብቻዬን ስዞር እሷ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ትሄድ ነበር።

ቁስሉ አመረቀዘ። የዛገው ምላጭ ነው። ሦስት ጣቱን ከሥር ቆረጡለት።

ከስንት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ዓርብ ከጁምዓ በፊት፣ በሬ ላይ መጣ። ነጭ ለብሷል። እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ካሣ ሊጠይቀኝ መስሎኝ ፊቴን አኮሳተርኩ።

«ጣቴን ብዬ አልመጣሁም» አለኝ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። «ጣት ሄዷል። አንተ ና፤ ዛሬ ሰው ከመስጊድ ሲወጣ በሩ ላይ ቁም። አንድ ቃል በል። ሌባ አይደለም በል። ሌላ የለም።»

«ሁሉም ሰው ያውቅሃል፤ ምን አስጨነቀህ?»

ጨርቁን ፈትቶ እጁን አሳየኝ። ጠባሳው ገና ቀይ ነው።

«ይሄን እጅ ያየ ሰው ምን ይላል? ቀኝ እጅ ነው። በእኛ ዘንድ የሌባ ቅጣት እጅ ነው። ሽማግሌ ነኝ፤ ለሰላምታ እጄን ስሰጥ ሰው መጀመሪያ ጣቴን ያያል፣ ከዚያ ፊቴን ያያል። ትናንት ልጄ ገመድ ልትሸጥ ቀፊራ ሄዳ፣ የሌባው ልጅ አሏት። አንድ ቃል ነው የምልህ።»

«እናያለን» አልኩት።

እሱ የኔን «እናያለን» አምኖ ሄደ። ሰው ከመስጊዱ ወጥቶ እስኪያልቅ በሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ እንደነበር የነገረችኝ ሚስቴ ናት። እኔ ያን ሰዓት መስኮት ደፍቼ ተኝቻለሁ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም፤ እሱን እንኳ እግዜር ነሳኝ።

ከዚያ በኋላ ዘበኛ አድርጎ የሚቀጥረው ጠፋ። ጣቱን የሌባ ጣት ያደረግኩበትን ሰው ማን ንብረቱን ያስጠብቀዋል? ገመድም በሁለት ጣት አይገመድም። ከተማውን ትቶ መልካ ጀብዱ ልጁ ቤት ገባ። ሚስቴ አልፎ አልፎ ትጠይቀው ነበር። እጁን ዘርግቶ ከሰው ጋር ከአንድ ትሪ መብላት ትቷል፣ ብቻውን ይበላል፣ ብላ ነገረችኝ። በግራ እጁ ስለሆነ ያፍራል። እኔም «ታዲያ ምን ላድርግ፣ ላጉርሰው?» አልኳት። እንዲህ ያለ አፍ ነበረኝ።

ሁለት ዓመት አለፈ። ለሥራ ጉዳይ በባቡር ወደ ደወሌ ወርጄ ሁለት ቀን ቆየሁ። ማኖቤላውን አልጋዬ ሥር ትቼ ነበር፤ ድንበር ድረስ ብረት ተሸክሜ አልሄድ! ስመለስ ዛፉ ሥር ሰንሰለቱ ብቻ ተጋድሟል። መኪናዋ የለችም።

እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ሚስቴ እናቷ ዘንድ ሰንብታ እሷም ገና መግባቷ ነው። ወንድሜ ጓደኛው ሐረር ሰርግ አለው ብሎ ሄዷል። ይህን ሁሉ ሰማሁ፤ ማኖቤላው አልጋ ሥር አለመኖሩንም አየሁ። አልገጣጠምኩትም። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል፤ እኔ ግን የማምነውን አምኜ የማላምነውን አላምንም ብዬ ከወሰንኩ ቆይቻለሁ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ጎረቤቶቼም ተከተሉኝ። አሥር አለቃው እስክሪብቶውን እያሻሸ፣

«የምትጠረጥረው ሰው አለ?» አለኝ።

አፌን ሳልከፍት ከኋላዬ አንዱ «ጣተ ቆራጣው አለ አይደል! በፊትም ይቺኑ መኪና ሊሰርቅ ሲል ተይዟል!» አለ። ሌላው «እሱ ነው፣ ቂም ይዞ ነው» አለ። ሁሉም አወቁ። አሥር አለቃው ወደኔ ዞረ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉ ሰዎች ያን ቀን የኔን ዝምታ ባዩት።

በማግስቱ ከመልካ ጀብዱ አመጡት። ተጠርቼ ስሄድ ቢሮው ወለል ላይ ተቀምጧል። ጫማ የለውም። ውስጥ እግሩ አብጧል፤ እንደተገረፈ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። አሥር አለቃው ቀኝ እጁን አንስቶ አሳየኝ።

«ይሄ ነው በፊት የያዝከው?»

ሽማግሌው ቀና ብሎ አየኝ። አልለመነኝም። የሚጠብቃት ያቺኑ አንድ ቃል እንደሆነ ዓይኑ ላይ አየሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠብቃት እንደኖረ። እዚያ ቢሮ ውስጥ አንድ ፖሊስና እኔና እሱ ብቻ ነን። ሰፈር የለም፣ የምፈራው የለም። እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ መኪናዬ ጠፍታለች፣ አንጀቴ ነድዷል፣ አንድ ሰው መቀጣት አለበት።

«አዎ፣ እሱ ነው» አልኩ።

በሦስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ጥሩምባ ሰፈሩን አናጋው። ወጣሁ። መኪናዬ በሬ ላይ ቆማለች፤ ሸራዋ ተገልብጧል፣ ከፊት እስከ ኋላ አበባና ባለ ቀለም ወረቀት ተጠምጥሞባታል። መሪው ላይ ወንድሜ፣ ከረባቱን አላልቶ፣ ጥርሱን ገልጦ።

«ጋሼ፣ ሙሽራዋን የወሰድንባት እኮ በሷ ነው! ሐረር ጉድ አለ! ብነግርህ እምቢ ትላለህ ብዬ ነው» አለኝ።

ሳቅኩ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ እየዞርኩ ጭረት ፈለግኩ። ጭረት የላትም። ሚስቴ ከበረንዳው ላይ ሆና፣

«ሰውየውስ?» አለች።

ወረቀቱን ከመኪናዋ ሳላነሳ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ነዳሁ። አሥር አለቃውን ተገኝታለች አልኩት። የት ነበረች ሲለኝ የቤተሰብ ጉዳይ ነው አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀና እስር ቤቱን አስከፈተ።

ሽማግሌው ግድግዳ እየተደገፈ ወጣ። ከፊት ለፊት ሻይ ቤቱ ጥላ ሥር ሰው ሞልቷል፤ ሁሉም ያያል፤ በአበባ ያጌጠች መኪናና እግሩ ያበጠ ሰው።

«ግባ አደር፤ መልካ ጀብዱ አደርስሃለሁ» አልኩት። አደር ስለው የመጀመሪያዬ ነበር።

እያነከሰ ወደ መኪናዋ ቀረበ። ትከሻው ላይ ያለውን ፎጣ አወረደና ግራ እጁን፣ ያን ደህናውን፣ ጠቀለለው። ጣቱን ሁሉ አንድ ሳያስቀር፣ በጥንቃቄ፣ ሁለት ዙር። ከዚያ የፊተኛውን በር እጀታ ጎተተ። ዞረ። የኋላኛውን ጎተተ። በዚያኛው በኩል ያሉትን ሁለቱን ጎተተ። አራቱም ቁልፍ ነበሩ፤ ስወርድ ቆልፌያቸዋለሁ፣ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይም።

«ተቆልፏል» አለኝ።

ፎጣውን ፈትቶ ትከሻው ላይ መለሰና በመልካ ጀብዱ መንገድ በእግሩ ሄደ።

ሻይ ቤቱ ሙሉ ነበር። ጮክ ብዬ አንዲቷን ቃል ብል ይሰማኝ ነበር፤ እሱም ገና አልራቀም፣ ይሰማኝ ነበር። ማኖቤላውን ሰክቼ አዞርኩ፣ ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሳ፣ ወደ ቤቴ ነዳሁ።